ዲቃላ እርሾ ወይስ ወላጆቹ? ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው የምርጫ መመሪያ

ድሬዳዋ ላይ ዳቦ የሚጋግር፣ ሐረር ላይ ጠጅ የሚጥል፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመመረቂያ ጥናቱን በእርሾ ላይ የሚሠራ፤ ሦስቱም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። የተዳቀለው እርሾ ይሻላል ወይስ ከወላጆቹ አንዱ?

መልሱን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ሙቀቱን፣ ምግቡንና ለስንት ዙር እንደምትጠቀሙበት ሳታውቁ አትምረጡ። ያው አንድ ዲቃላ፣ ለምሳሌ በብርድ የሚጠመቀው የላገር ቢራ እርሾ፣ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሙቀት ወዳዱን ወላጁን ያስከነዳዋል፤ 37 ዲግሪ ላይ ግን ጭራሽ አያድግም። «ዲቃላ ጠንካራ ነው» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። «ዲቃላ ደካማ ነው» የሚለውም እንደዚያው።

እኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ በደንብ ይታያል። ከድሬዳዋ ተነስታችሁ ደንገጎን ወጥታችሁ፣ ሐረማያን አልፋችሁ ሐረር ስትገቡ የተጓዛችሁት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ1,200 ሜትር አካባቢ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ደርሷል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ቀኑ 35 ዲግሪ ያልፋል፤ ሐረር ላይ ማታ ደረብ ማድረግ ይፈለጋል። ለሰው ይህ የልብስ ጉዳይ ነው። ለእርሾ ግን ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስን ልዩነት ነው።

ቤተሰቡን እንወቅ

የዳቦ እርሾ፣ የአብዛኛው ወይን እርሾ፣ በጠጅ ጥናቶችም ደጋግሞ የሚገኘው እርሾ አንድ ዝርያ ነው፤ ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ። ከዚህ በኋላ ሰረቪሲዬ ብቻ እለዋለሁ። 6,000 ያህል ጂኖቹን በ16 ክሮሞዞሞች ላይ ይዟል። ሙሉ የዘር መረጃው እ.ኤ.አ. በ1996 ተነብቧል። ሙቀት ይስማማዋል። ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ፈጥኖ ይባዛል።

ሁለተኛው ወላጅ ዩባያነስ ይባላል። ሳይንስ ያወቀው በቅርብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የተገኘው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በፓታጎንያ ቀዝቃዛ ደኖች ውስጥ ነው። በኋላ ቲቤት ውስጥም አየርላንድ ውስጥም ተገኝቷል። ቅዝቃዜ ኑሮው ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ያድጋል።

የሁለቱ ልጅ ፓስቶሪያነስ ነው፤ የላገር ቢራ እርሾ። ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ተመራማሪ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ ንጹሕ ዘሩን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1883 ነበር። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አንዱ ወላጁ ብቻ ይታወቅ ነበር። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው ማለት ነው። የበቅሎ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ አያበቃም። በቅሎ ጉልበት አላት፣ ዳገት ትችላለች፣ ግን አትወልድም። ይህ እርሾም እንደዚያው ነው። እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ አሳያለሁ።

ሌሎች ዲቃላዎችም አሉ። ሰረቪሲዬ ኩድሪያቭዜቪ ከሚባል ሌላ ቅዝቃዜ ወዳድ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ በአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮች ወይን ውስጥና በአንዳንድ የቤልጂየም ቢራዎች ውስጥ ይገኛል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ሰረቪሲዬ ስኳር ማብላላት ያውቃል፣ ሌላው ወገን ብርድ ይችላል፣ ልጁ ሁለቱን ይዞ ይወጣል።

«ብቃት» ሲባል የቱ?

ሰዎች የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ የተለያየ ነገር እየለኩ ነው። አንዱ የሚለካው ሴሉ በስንት ደቂቃ ለሁለት እንደሚከፈል ነው። ሌላው ስኳሩን እስከ መጨረሻው መጨረሱን ያያል። ሦስተኛው ደግሞ ዘር መተካቱን ይጠይቃል። ዲቃላ እርሾ በሁለቱ የመጀመሪያ ፈተናዎች ጎበዝ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ግን ይወድቃል።

ይህን ሦስተኛውን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። እርሾ ናይትሮጅን ሲያጣና ምግቡ ሲመነምን መከፋፈሉን ትቶ በአንድ ከረጢት ውስጥ አራት ስፖሮች፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግሉ ሴሎች፣ ይሠራል። ተመራማሪው የከረጢቱን ግድግዳ በኢንዛይም ያላላዋል። ከዚያ በቀጭን የመስታወት መርፌ አራቱን አንድ በአንድ ለይቶ ምግብ ያለበት ሳህን ላይ በረድፍ ያስቀምጣቸዋል። ጤነኛ የሰረቪሲዬ ዘር ከሆነ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ረድፉ ሁሉ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። ከመቶ ስፖር ዘጠና ምናምኑ ይበቅላል። የሁለት ዝርያ ዲቃላ ከሆነ ሳህኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከመቶ አንድ ቢበቅል ነው። ይህንን ሳህን አንዴ ያየ ሰው «ዲቃላ ሁልጊዜ ይበልጣል» ብሎ አይከራከርም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የሁለቱ ወላጆች ክሮሞዞሞች ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የዲኤንኤ ፊደላቸው በጣም ተለያይቷል። ስፖር ሲሠራ ጥንድ ክሮሞዞሞች ተያይዘው ቁራሽ መለዋወጥ አለባቸው። ሴሉ ደግሞ የተሳሳተ ፊደል የሚያርም ሥርዓት አለው። ይህ ሥርዓት የማይመሳሰሉትን ክሮሞዞሞች ሲያይ ልውውጡን ያግዳል። ያልተያያዙ ክሮሞዞሞች እንደመጣላቸው ይከፋፈላሉ። አንዱ ስፖር ትርፍ ይይዛል፣ ሌላው ይጎድለዋል፣ ብዙዎቹ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት የማረሚያውን ጂን ሲያጠፉ የሚበቅሉት ስፖሮች ቁጥር ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

አሁን ቁም ነገሩ። ዳቦ ጋጋሪና ቢራ ጠማቂ ስፖር አያስፈልጋቸውም። እርሾው ሊጡ ወይም በርሜሉ ውስጥ የሚባዛው በማጎንቆል ነው። አንዱ ሴል ከጎኑ ትንሽ እምቡጥ ያወጣል፣ እምቡጡ ያድጋል፣ ይለያል። ለዚህ ጥንድ ክሮሞዞም መፈለግ አያስፈልግም። ስለዚህ መካንነቱ ለእነሱ ጉዳት አይደለም። ዘሩን ማሻሻል ለሚፈልግ ተመራማሪ ግን ግድግዳ ነው። መውጫ መንገድ አለ፤ የዲቃላውን ክሮሞዞም በሙሉ እጥፍ ማድረግ። ያኔ እያንዳንዱ ክሮሞዞም እውነተኛ ጥንዱን ያገኛል፣ ስፖሩም ይበቅላል።

ሙቀት ሁሉን ይወስናል

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ካለ ይህንን ይውሰድ።

የቢራ ላቦራቶሪዎች የኤል እርሾን (ኤል ሞቅ ባለ ቦታ የሚጠመቅ ቢራ ነው) ከላገር እርሾ ለመለየት ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ። ሁለቱንም ሳህን ላይ ትዘራላችሁ። 37 ዲግሪ ላይ ታቆያላችሁ። የኤል እርሾው ሰረቪሲዬ ነውና ያድጋል። የላገሩ ዲቃላ አያድግም። ዩባያነስም አያድግም። ማለትም በሙቀት ዲቃላው የወሰደው የቀዝቃዛውን ወላጅ ድክመት ነው።

ወደ 10 ዲግሪ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ሰረቪሲዬ ይፈዛል። ዩባያነስ ያድጋል፣ ግን የገብስ ብቅል ጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር በሙሉ አይጨርስም። ዲቃላው ግን በብርዱም ይሠራል፣ ስኳሩንም ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፊንላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ሁለቱን ዝርያዎች እንደ አዲስ አዳቅለው በቀዝቃዛ ብቅል ጭማቂ ውስጥ ሞክረው ነበር። አዲሶቹ ዲቃላዎች ከሁለቱም ወላጆች ፈጥነው አብላሉ፣ አልኮላቸውም በለጠ። ዲቃላ ከወላጆቹ ይበልጣል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ግን ልብ በሉ፤ ብቅል ውስጥ ነው፣ በብርድ ነው።

የሚገርመኝ ጉዳይ ሚቶኮንድሪያ ነው። ሴሉ ጉልበት የሚያወጣበት ክፍል ማለት ነው፤ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው። ሁለት እርሾዎች ሲዳቀሉ የኒውክለሱ ዲኤንኤ ከሁለቱም ይመጣል። የሚቶኮንድሪያው ግን በመጨረሻ የሚቀረው የአንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የሰረቪሲዬን ሚቶኮንድሪያ የያዘ ዲቃላ ሙቀት ይችላል፤ የቀዝቃዛውን ወላጅ የያዘው ደግሞ ብርድ ይችላል። ወላጆቹ ያው ናቸው፣ ኒውክለሱ ያው ነው፣ ብቃቱ ግን ተለያየ። የላገር እርሾዎች የያዙት የዩባያነስን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ዲቃላ ለድሬ ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የማንን ሚቶኮንድሪያ ይዟል?» የሚል ነው።

ስኳር፣ ሽታና ጽናት

የብቅል ጭማቂ ዋና ስኳሩ ማልቶስ ነው። ቀጥሎ ማልቶትራዮስ አለ፤ ሦስት ግሉኮስ የተያያዘበት። ይህን ሁለተኛውን የማይበላ እርሾ ቢራውን ጣፋጭ አድርጎ ይተወዋል። ከላገር እርሾ ሁለት ጎራዎች ሳዝ የሚባለው ብርድ በደንብ ይችላል፣ ማልቶትራዮስ ላይ ግን ይሰንፋል። ፍሮበርግ የሚባለው ይበላዋል። ሁለቱም ዲቃላ ናቸው፣ ከእነዚያው ሁለት ዝርያዎች። ስለዚህ «ዲቃላ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የትኛው ጎራ እንደሆነ ጠይቁ።

ሽታን በተመለከተ፣ የዱሩ ወላጅ የቅርንፉድ ሽታ ያመጣል። ሻይ ላይ ቅርንፉድ ደስ ይላል። ላገር ቢራ ላይ ግን እንደ ጉድለት ይቆጠራል። የቆዩት የላገር ዲቃላዎች ይህን ሽታ ትተዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ የተዳቀሉት ግን ብዙ ጊዜ ይዘውት ይመጣሉ፣ ተጨማሪ ምርጫ ይፈልጋሉ። ይህም ሆኖ ሽታውን ፈልገው የሚጠቀሙበት አሉ። ሄኒከን የተባለው ቢራ ጠማቂ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩባያነስን ብቻውን ተጠቅሞ ኤች 41 የሚባል ቢራ አውጥቷል።

ጽናት ላይ ወላጆቹ ይሻላሉ። የሁለት ዝርያ ዲኤንኤ በአንድ ሴል ውስጥ ሲኖር በየትውልዱ መሸራረፍ አለ። አንድ ክሮሞዞም ይጠፋል፣ የአንዱ ወላጅ ቁራሽ በሌላው ይተካል። አንዳንዴ ይህ ለውጥ እርሾውን ለዚያ በርሜል የበለጠ ያስማማዋል። ግን ከዚያ በኋላ በእጃችሁ ያለው መጀመሪያ የገዛችሁት አይደለም። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አንዱን እርሾ ለተወሰነ ዙር ተጠቅመው ከተቀመጠው ንጹሕ ዘር እንደገና የሚጀምሩት።

ታዲያ ምን ልምረጥ?

ዳቦ ከሆነ ሰረቪሲዬ፣ ያለ ክርክር። በፓኬት የሚሸጠው ደረቅ እርሾ እሱ ነው። ሻጩ «ዲቃላ ነው፣ የተሻለ ነው» ካላችሁ ምናልባት የሚያወራው እዚያው ዝርያ ውስጥ ስለተደረገ ማዳቀል ነው። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወላጆቹ አንድ ዝርያ ስለሆኑ ስፖሩም ይበቅላል። ስኳር የሚበዛበት ሊጥ የምትሠሩ ከሆነ ስኳር የሚቋቋመውን ዓይነት ግዙ። ድሬ ላይ ግን የጋጋሪው ችግር የእርሾ መዳከም አይደለም፣ መፍጠን ነው። ሊጡ ጣዕም ሳያወጣ ይነሳል፣ ከዚያ ይወድቃል። መፍትሔው እርሾ መለወጥ ሳይሆን መቀነስ ነው። ውኃውን ከማቀዝቀዣ አውጡ። ሊጡ ተቦክቶ ሲያልቅ ቴርሞሜትር ክተቱበት፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። 30 ካለፈ በሚቀጥለው ዙር በረዶ ጨምሩ።

እንጀራ ላይ ይህን ሁሉ እርሱት። የእንጀራ እርሾ አንድ ዝርያ አይደለም። ብዙ ዓይነት እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ አብረው የሚኖሩበት ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱን በዲቃላ መተካት ጣዕሙን ማበላሸት ነው።

ጠጅ ላይም የእኔ ምርጫ ሰረቪሲዬ ነው። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፣ ማልቶትራዮስ የለውም ማለት ይቻላል። ዲቃላው የሚኮራበት ችሎታ እዚህ አያገለግልም። ብርዱም የለም። በዚያ ላይ ሲብላላ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ቤቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ጋኑ ውስጥ ከዚያ በላይ ነው። ለሞቃት ቦታ ዘር መርጦ መግዛት የሚፈልግ ሰው ካለ ክቬይክ የሚባለውን የኖርዌይ ገጠር እርሾ ይመልከት። እሱም ሰረቪሲዬ ነው፤ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያለ ችግር ያብላላል። ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ሆኖ ሙቀት መቻሉ የሚገርም ነው። የጠማቂዎቹ ልማድ እርሾውን ለብ ባለ፣ የሰውነት ሙቀት ባለው ጭማቂ ላይ መጨመር ስለነበረ ነው።

ላገር ቢራ መጥመቅ ከሆነ ዲቃላው ተወዳዳሪ የለውም፤ ማቀዝቀዣ ካላችሁ ብቻ። ከ8 እስከ 14 ዲግሪ መያዝ አለበት፣ ለሳምንታት። «ሐረር ብርድ ነው፣ ይበቃል» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ላይ ግን ፀሐይዋ ታሞቀዋለች። እርሾ ደግሞ መዋዠቅ አይወድም። ማቀዝቀዣ ከሌለ የኤል እርሾ ያዙ። ሐረር ላይ 20 ዲግሪ አካባቢ የሚቆይ ጥላ ያለው ክፍል ለኤል ግሩም ነው።

ለተማሪው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥናት የሚበላሸው በምርጫው ሳይሆን በአለካኩ ነው።

ዲቃላውን ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ አታወዳድሩ። ሁለቱም ወላጆች በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ድስት በወጣ ምግብ ላይ መኖር አለባቸው። የክሮሞዞም ስብስባቸውም እኩል ይሁን። ሁለት ስብስብ ያለውን ዲቃላ አንድ ስብስብ ካለው ወላጅ ጋር አወዳድራችሁ «ዲቃላው በለጠ» ብትሉ የለካችሁት የስብስቡን ብዛት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ፣ ከማን በለጠ? ከወላጆቹ አማካይ መብለጥ አንድ ነገር ነው። ከተሻለው ወላጅ መብለጥ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ዲቃላው የሚገኘው በሁለቱ መካከል፣ ወደ ተሻለው ጠጋ ብሎ ነው። ስለዚህ አማካዩን ያልፋል፣ የተሻለውን ግን አያልፍም። ለተግባር ሰው የሚጠቅመው ሁለተኛው መለኪያ ነው። የተሻለው ወላጅ እያለ ለምን ዲቃላውን እገዛለሁ? ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ።

ሙቀት ቢያንስ ሦስት ይሁን፤ 10፣ 25 እና 37። በ25 ዲግሪ ብቻ የተሠራ ጥናት የዲቃላውን ጥንካሬም ድክመትም ደብቆ ያልፋል።

ለየብቻ አሳድጎ ፍጥነት መለካት ጥሩ ጅምር ነው። የበለጠ የሚታመነው ግን ፉክክር ነው። ዲቃላውንና ወላጁን እኩል ቀላቅላችሁ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ታሳድጋላችሁ። በየቀኑ ትንሽ ወደ አዲስ ምግብ ታሻግራላችሁ። አንዱ ምልክት ስላለው፣ ለምሳሌ አንድ መድኃኒት ስለሚቋቋም፣ በሳህን ላይ ቆጥራችሁ ድርሻቸው እንዴት እንደተለወጠ ታያላችሁ። ለየብቻ ሲለኩ እኩል የመሰሉ ሁለት እርሾዎች አብረው ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ሲያጠፋ ማየት የተለመደ ነው። ምልክቱ ራሱ እርሾውን እንዳያደክም ደግሞ ምልክት ያለውንና የሌለውን አንዱን ዘር ከራሱ ጋር አፎካክሩ።

መብራት ይጠፋል። ማሞቂያው ውስጥ ያስቀመጣችሁት 37 ዲግሪ ሌሊት ላይ ወደ 28 ከወረደ በ37 የማያድገው ዲቃላ ሲያድግ ታገኙታላችሁ፣ ከዚያም የተሳሳተ ግኝት ትጽፋላችሁ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚይዝ ርካሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ፣ ጠዋት ጠዋት አንብቡ።

ሥራ ስትጀምሩ ከእያንዳንዱ ዘር ብዙ ቱቦ በግሊሰሮል አድርጋችሁ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። እያንዳንዱን ሙከራ ከዚያ በወጣ ቱቦ ጀምሩ፣ ከባለፈው ወር ሳህን ላይ ከተረፈው አይሁን። ዲቃላው በየሳህኑ ክሮሞዞም ሊጥል ስለሚችል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሙከራችሁ ሁለት የተለያዩ እርሾዎች ላይ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲያልቅም የሁለቱ ወላጆች ዲኤንኤ አሁንም እዚያው መኖሩን በፒሲአር (የተፈለገን የዲኤንኤ ቁራሽ አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) አረጋግጡ።